የጥንት ኢስላማዊ ሕንፃዎች ቀለምና ወርቅ እንዴት ይመረመራል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምሳሌዎቹ በአብዛኛው በስፔን ግራናዳ ከተማ ካለው የሙስሊም ነገሥታት ቤተ መንግሥት፣ ከአልሐምብራ፣ ናቸው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

የቀለም ምርመራ ሲባል የሚመረመረው ምኑ ነው?

ዓይን የሚያየው የላይኛውን ገጽ ብቻ ነው። መርማሪ የሚፈልገው ከግድግዳው ጀምሮ እስከ ላይ ያለውን የንብርብር ቅደም ተከተል ነው። ከታች መደቡ አለ፤ ጄሶ፣ ኖራ፣ እንጨት ወይም ቆዳ ሊሆን ይችላል። በላዩ ማለስለሻ ንጣፍ፣ ከዚያ የቀለሙ ዱቄትና ዱቄቱን የሚያያይዘው ሙጫ፣ እንቁላል ወይም ዘይት ይመጣል። ወርቅ ካለ ወርቁ ብቻ ሳይሆን የተለጠፈበት ብረትም ይታያል። ከሁሉም በላይ የኋላ ዘመን እድሳት፣ አቧራ፣ ጥላሸትና ጨው ይደረባል።

የአልሐምብራ ግንባታ የተጀመረው በ1238 በንጉሥ ቀዳማዊ ሙሐመድ ዘመን ነው። ዛሬ ሰው ተሰልፎ የሚያያቸው አዳራሾች ግን በአብዛኛው የ14ኛው ክፍለ ዘመን፣ የነገሥታቱ የቀዳማዊ ዩሱፍና የአምስተኛው ሙሐመድ ሥራዎች ናቸው። ከተማዋ በ1492 በክርስቲያን ነገሥታት ከተያዘች በኋላም ጥገናው አልቆመም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ራፋኤል ኮንትሬራስና ቤተሰቡ ጄሶውን ጠግነዋል፣ ቀብተዋል፣ የጎደለውን በአዲስ ተክተዋል። ስለዚህ “የአልሐምብራ ቀለም ምን ነበር?” ብሎ የሚነሳ ሰው በቅድሚያ የየትኛውን ዘመን ቀለም እንደሚፈልግ መወሰን አለበት። ይህ ሳይወሰን የሚሰበሰብ መረጃ ኋላ ላይ አብዛኛው ከጥቅም ውጭ ይሆናል።

የትኞቹ ቀለሞች ተገኝተዋል?

በጄሶ ቅርጻቅርጾቹና ከጣሪያ እንደ ማር እንጀራ በሚንጠለጠሉት ሙቀርነሶች ላይ በብዛት የሚገኙት ጥቂት ናቸው። ለሰማያዊ ላፒስ ላዙሊ የሚባለው የከበረ ድንጋይ፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ አዙራይት የሚባለው የመዳብ ማዕድን አለ። ለቀይ ሲናባር (የባዜቃና የድኝ ውሁድ)፣ ሚኒየም (የእርሳስ ቀይ) እና ተራው ቀይ አፈር ይታያሉ። ለአረንጓዴ ማላካይት (ሌላ የመዳብ ማዕድን)፣ ለጥቁር ከሰል፣ ለወርቃማው ደግሞ በቆርቆሮ (የጣሪያው ክዳን ሳይሆን ቲን የሚባለው ብረት) ላይ የተለበጠ ወርቅ ነው።

ማስረጃው ሁልጊዜ ከመሣሪያ አይመጣም። በአልሐምብራ ያለው የኮማሬስ አዳራሽ የእንጨት ጣሪያ ቀለሙ አብዛኛው ጠፍቷል፤ ነገር ግን ከጣሪያው የቀለሞቹ ስም በዐረብኛ የተጻፈበት ጣውላ ተገኝቷል። የጥንቱ ቀለም ቀቢ ለሥራው የተወው ማስታወሻ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ሰነድ ሲኖር ምርመራው የሚጀምረው እሱን በማንበብ ነው።

ግድግዳውን ሳይነኩ መመርመር ይቻላል?

ይቻላል፤ መጀመሪያ መደረግ ያለበትም ይህ ነው። ቅደም ተከተሉ ከርካሹ ወደ ውዱ ይሄዳል። በተራ ብርሃን፣ ከዚያ ከጎን በሚመጣ ብርሃን ፎቶ ይነሳል፤ ከጎን የሚመጣው ብርሃን የተነሳ ቅርፊትንና የብሩሽ አቅጣጫን ያወጣል። ቀጥሎ በ365 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት ብርሃን ይታያል። ዚንክ ነጭ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ሲያበራ ሼላክ የሚባለው ቫርኒሽ ብርቱካናማ ይሆናል። ሁለቱም የእድሳት ምልክት ናቸው፤ ከዚህ ደረጃ ሳይወጡ ግድግዳውን አሮጌና አዲስ ብሎ መከፋፈል ይቻላል። ከዚያ ከ50 እስከ 200 ጊዜ የሚያጎላ ተንቀሳቃሽ ማይክሮስኮፕ ይመጣል።

ተንቀሳቃሽ የራጅ ፍሎረሰንስ መሣሪያ (ራጅ ልኮ ከሚመለሰው ጨረር ንጥረ ነገሩን የሚለይ) እና ተንቀሳቃሽ ራማን (ሌዘር ልኮ ከሚመለሰው ብርሃን ማዕድኑን የሚለይ) የሚገቡት ከነዚህ በኋላ ነው። ብዙ ቡድን በተቃራኒው ይሄድና መሣሪያውን ይዞ መወጣጫው ላይ ይወጣል፤ መቶ ነጥብ ለክቶ ሲወርድ የትኛው ነጥብ የ14ኛው፣ የትኛው የ19ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ መለየት ያቅተዋል።

የራጅ ፍሎረሰንስ ብቻውን አይበቃም?

አይበቃም። መሣሪያው የሚናገረው ንጥረ ነገር ነው፤ ማዕድን አይናገርም። መዳብ አለ ካለ አዙራይት ሊሆን ይችላል፣ ማላካይት ሊሆን ይችላል፣ የተበላሸ አረንጓዴ ጨውም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ችግር ራጁ ንብርብሮቹን ሁሉ ዘልቆ መግባቱ ነው። ላይ ሰማያዊ ቀለም እየለካን ቆርቆሮና እርሳስ ከታች ይመጣሉ፤ የላይኛው ይመስሉናል።

ሦስተኛው ወጥመድ የጨረር መደራረብ ነው፤ ልምድ ያለውን ሰው ሳይቀር ያሳስታል። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በራሱ የጨረር መስመር ይታወቃል፤ የእርሳስ ዋና መስመር በ10.55፣ የአርሰኒክ በ10.54 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ነው፤ ሶፍትዌሩ እርሳስን አርሰኒክ ብሎ ሲጽፍ ግድግዳው ላይ የሌለ ቢጫ ኦርፒመንት (የአርሰኒክ ማዕድን) ሪፖርቱ ላይ ይገኛል። መፍትሔው ሁለተኛውን መስመር ማየት ነው፦ ለእርሳስ 12.6፣ ለአርሰኒክ 11.7 አካባቢ። ቲታኒየምና ባሪየምም 4.5 ላይ ይጋጫሉ። ባሪየም ያለበት ነጭ “ቲታኒየም ነጭ” ተብሎ ከተመዘገበ እድሳቱ ሳይገባው ወደ 20ኛው ክፍለ ዘመን ይወረወራል። የሶፍትዌሩን ሠንጠረዥ ብቻ አይቀበሉ፤ ጥሬውን ስፔክትረም ከፍተው ይዩ።

ላፒስ ላዙሊ ደግሞ ለዚህ መሣሪያ ከሁሉ የከፋው ነው። የተሠራው ከሶዲየም፣ ከአሉሚኒየም፣ ከሲሊከንና ከድኝ ነው። ቀላል ንጥረ ነገሮች ስለሆኑ ጨረራቸው ደካማ ነው፤ ድኙን ደግሞ ጄሶው ራሱ ይሸፍነዋል፣ ጄሶ የካልሲየም ሰልፌት ነውና። ሰማያዊ ሆኖ መዳብም ኮባልትም ብረትም ካልታየበት ላፒስ ተብሎ ይጠረጠራል፤ ማረጋገጫው ግን ከሌላ መሣሪያ ነው የሚመጣው።

ራማንስ ምን ይጨምራል?

ራማን የማዕድኑን ስም ይሰጣል። ላፒስ በሞገድ ቁጥር 548፣ ሲናባር በ253 እና በ343፣ ጄሶ በ1008፣ ኖራ (ካልሳይት) በ1086 ላይ ይታወቃሉ። ሚኒየም በ549 አካባቢ መስመር ስላለው ከላፒስ ጋር ሊምታታ ይችላል፤ 122 ላይ ጠንካራ መስመር ካለ ግን ሚኒየም ነው። ቀይና ሰማያዊ እንዴት ይምታታሉ የሚል ካለ፣ አንድ የሙቀርነስ ጠርዝ ላይ ሁለቱ ተቀባብተው ሲገኙ ማየት ይበቃዋል።

በተግባር የሚያበላሹት ነገሮች ሁለት ናቸው። አንዱ የመወጣጫው መንቀጥቀጥ ነው። የሌዘሩ ጭንቅላት ከገጹ ያለው ርቀት በክፍልፋይ ሚሊሜትር ሲዛነፍ ምልክቱ ይጠፋል፤ ስለዚህ በሚለካበት ደቂቃ መወጣጫው ላይ ማንም አይራመድም። ሁለተኛው የሌዘሩ ጉልበት ነው። ሚኒየም ከመጠን ባለፈ ጉልበት ይሞቅና ወደ ሌላ የእርሳስ ኦክሳይድ ይለወጣል፤ መርማሪው ራሱ የፈጠረውን ነገር “አገኘሁ” ብሎ ይመዘግባል። ከዝቅተኛው ጉልበት ጀምሮ ነጥቡን ከልኬቱ በፊትና በኋላ በማይክሮስኮፕ ፎቶ ማንሳት ይገባል። ሙጫና አሮጌ ቫርኒሽ ያለበት ገጽ የራሱን ብርሃን ያወጣና መስመሮቹን ይውጣቸዋል፤ 785 ናኖሜትር ሌዘር ከአረንጓዴው ሌዘር ይልቅ ይህን ይቀንሳል።

ናሙና መቁረጥ የግድ ነው? ምን ያህልስ ይወሰዳል?

የንብርብሩን ቅደም ተከተል በእርግጠኝነት ለማወቅ ከፈለጉ አዎ። መጠኑ ግን ሰው እንደሚፈራው አይደለም፦ ከ0.3 እስከ 1 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቅርፊት ይበቃል። የሚወሰደው ከደህናው ቦታ ሳይሆን ቀድሞ ከተሰበረ ወይም ከተሰነጠቀ ጠርዝ ነው፤ እስከ መደቡ ድረስ መውረድ አለበት፣ አለበለዚያ የመጀመሪያው ንብርብር ግድግዳው ላይ ቀርቶ ሁለተኛው “የመጀመሪያ” ይባላል። ከመቁረጥ በፊትና በኋላ ከመለኪያ ጋር ፎቶ፣ ከወለል ያለው ከፍታ፣ በመስታወት ብልቃጥ ማስቀመጥና ወዲያው ቁጥር መስጠት አይቀሬ ናቸው።

ቅርፊቱ በኢፖክሲ ወይም በፖሊስተር ሬዚን ውስጥ ተቀብሮ ለ24 ሰዓት ያህል ከደረቀ በኋላ በጎኑ ይሞረዳል፤ የሲሊከን ካርባይድ ወረቀት ከ400 ጀምሮ እስከ 4000 ቁጥር ድረስ እየላመ ይሄዳል። እዚህ ላይ ውኃ አይነካውም። ጄሶ በሊትር ውኃ 2 ግራም ያህል ይሟሟል፤ የክሎራይድ ጨዎች ደግሞ ጨርሰው ይታጠባሉ። በውኃ የተሞረደ ናሙና ላይ “ጨው አልተገኘም” ብሎ መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው። በደረቁ ወይም ውኃ በሌለው ቅባት ይሞረድ።

ወደ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲሄድ ናሙናው ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ይለበጣል። ብዙ ቤተ ሙከራዎች በልማድ በወርቅ ይለብጣሉ። ወርቅ የሚፈለግበትን ናሙና በወርቅ መለበጥ ምርመራውን ከመጀመሩ በፊት መጨረስ ነው፤ በካርቦን እንዲለበጥ አስቀድሞ በጽሑፍ ይታዘዝ።

ሰማያዊው የጥንቱ ነው ወይስ የ19ኛው ክፍለ ዘመን?

ይህ በአልሐምብራ ከሁሉም በላይ የሚጠየቅ ነው፤ ምክንያቱም ሰው ሠራሽ አልትራማሪን (በፋብሪካ የተሠራ የላፒስ ሰማያዊ) ከ1828 ጀምሮ በገበያ ላይ ሲገኝ ዋጋው ከላፒስ እጅግ ያነሰ ነበር፣ አዳሾቹም በሰፊው ተጠቀሙበት። ሁለቱ በኬሚስትሪ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ራማንም ሁለቱንም በ548 ያሳያል።

ልዩነቱ በዱቄቱ ቅርጽና በአብሮ አደግ ማዕድናቱ ነው። የተፈጥሮው ከድንጋይ ተፈጭቶ የተሠራ ስለሆነ ቅንጣቶቹ ሹል ማዕዘን ያላቸው፣ ትልቅና ትንሽ የተቀላቀሉ ናቸው፤ በመካከላቸው ካልሳይት፣ ዳዮፕሳይድና ፓይራይት ይገኛሉ። ሰው ሠራሹ ደቃቅ፣ ክብ ክብና እኩል ነው። በኢንፍራሬድ ሲታይ ደግሞ የተፈጥሮው በሞገድ ቁጥር 2340 አካባቢ በማዕድኑ ውስጥ የታሰረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምልክት ያሳያል፤ ሰው ሠራሹ የለውም። የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድም እዚያው አካባቢ ስለሚወድቅ መሣሪያው አስቀድሞ በናይትሮጅን ካልጸዳ ምልክቱን ማመን አይቻልም።

በቀለሙ ብቻ ዕድሜውን ማወቅ ይቻላል?

ከዚህ ዓመት በኋላ ነው ማለት ይቻላል እንጂ በዚህ ዓመት ነው ማለት አይቻልም። የፕሩሲያ ሰማያዊ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ኤመራልድ አረንጓዴ ከ1814፣ ቲታኒየም ነጭ ከ1920 አካባቢ፣ ፍታሎሳያኒን ሰማያዊ ከ1930ዎቹ በፊት አይኖሩም። ከነሱ አንዱ በንብርብሩ ውስጥ ካለ ያ ንብርብርና ከላዩ ያሉት ሁሉ ከዚያ በኋላ ናቸው። ቀይ አፈርና ከሰል ግን በየዘመኑ ስለነበሩ ስለ ዕድሜ ምንም አይሉም። ለእንጨቱና ለቆዳው የካርቦን 14 ምርመራ አለ፤ እሱም የሚነግረን ዛፉ ወይም እንስሳው የሞተበትን ዘመን እንጂ ሥዕሉ የተቀባበትን ቀን አይደለም።

ሰማያዊው አረንጓዴ፣ ቀዩ ጥቁር የሆነው ለምንድን ነው?

በ1834 አልሐምብራን ከጁል ጉሪ ጋር ያጠናው እንግሊዛዊው አርክቴክት ኦወን ጆንስ፣ በላይኛው ጌጥ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ሁሉ ዱሮ ሰማያዊ ነበር፣ የለወጠው ጊዜ ነው ብሎ ያምን ነበር። ግማሹ እውነት ነው። አዙራይት እርጥበትና ክሎራይድ ሲያገኘው ወደ አረንጓዴ የመዳብ ክሎራይድ ጨው ይለወጣል። ነገር ግን ሆን ተብሎ አረንጓዴ የተቀባ ማላካይትም አለ። ሁለቱን ለመለየት የተቆረጠውን ናሙና ጎን ማየት ነው፦ ከላይ አረንጓዴ ከሥር ሰማያዊ ቅንጣት ከቀረ የተበላሸ ነው፤ እስከ ታች ድረስ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ከሆነና ክሎሪን ከሌለው የቀቢው ምርጫ ነው።

ሲናባር የሚጠቁረው ብርሃንና ክሎሪን ሲገናኙበት ነው። ለውጡ የላይኛውን ስስ ገጽ ብቻ ስለሚይዝ ከሥሩ ቀዩ አለ፤ ለዚህ ነው ጥቁሩን “ቆሻሻ” ብሎ መፈግፈግ አደገኛ የሚሆነው። ሚኒየም ደግሞ ወደ ጥቁር የእርሳስ ዳይኦክሳይድ ወይም ወደ ነጭ የእርሳስ ጨው ሊሄድ ይችላል።

በወርቁ ላይ የሚታየው ወይን ጠጅ ቀለም ከየት መጣ? እንዲያ ያለ ቀለም ተቀብቶ ነበር?

አልተቀባም፤ ይህ የሆነው ወርቁ ራሱ ነው። ጉዳዩ በ2022 በታተመ ጥናት ተብራርቷል፣ ዝርዝሩም ቆም ብሎ ሊታይ የሚገባው ነው። የጄሶው ወርቅ ቀጥታ አልተለጠፈም፤ ስስ የቆርቆሮ ገበር ላይ ተለብጦ ገበሩ ነው ጄሶው ላይ የተጣበቀው። ቆርቆሮው ርካሽ ነው፣ ቅርጹን ይከተላል፣ ለወርቁም ለስላሳ መደብ ይሆናል። ችግሩ ወርቁ ፍጹም አለመሆኑ ነው፦ ቀዳዳና ጭረት አለበት። በዚያ በኩል እርጥበት ሲገባ ሁለቱ ብረቶች እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ ወርቁ ክቡር ስለሆነ ይተርፋል፣ ቆርቆሮው ግን ይበላል። የዝገቱ ውጤት ከቆርቆሮው ይልቅ ቦታ ይወስዳል፤ ያብጣል፣ ወርቁን ከታች ይገፋል፣ ይሰነጥቀዋል።

ቀጥሎ የሚሆነው ያልተጠበቀ ነው። አየር ይዞት በሚመጣው የባሕር ጨው ክሎራይድ እየታገዘ ወርቁ ጥቂት በጥቂት ሟሙቶ መልሶ ወደ 70 ናኖሜትር ያህል ዲያሜትር ባላቸው ሉሎች ይቋጠራል። ወርቅ በዚህ መጠን ሲሆን ቢጫ አይደለም፤ ብርሃንን ውጦና በትኖ ወይን ጠጅ ሆኖ ይታያል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተበላሸውን ወርቅ ለመደበቅ ስስ ነጭ ጄሶ ተቀብቶበት ስለነበር ቀለሙ በነጩ ላይ ጎልቶ ወጣ።

የራጅ ፍሎረሰንስ እዚህ ቦታ ላይ “ወርቅና ቆርቆሮ” ብቻ ይላል፤ በደህናው ወርቅ ላይም የሚለው ያንኑ ነው። ወይን ጠጁን የገለጠው ከፍተኛ ጥራት ያለው ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። በሌላ ሕንፃ ላይ በቆርቆሮ ገበር የተለበጠ ወርቅ ካለና አካባቢው ወይን ጠጅ ከመሰለ፣ የቀለም ዱቄት ከመፈለግ በፊት ይህን መጠርጠር ይገባል።

ማያያዣው ሙጫ፣ እንቁላል ወይስ ዘይት መሆኑ ይታወቃል?

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ውህድን ወደ ክፍሎቹ በሚለየው በጋዝ ክሮማቶግራፊ የዕፅዋት ሙጫ በስኳሮቹ፣ የእንስሳ ሙጫ በሃይድሮክሲፕሮሊን (የፕሮቲኑ አንድ ክፍል)፣ ዘይት በስብ አሲዶቹ ይለያል፤ የሚፈለገው ናሙና ከአንድ ሚሊግራም በታች ነው። ነገር ግን ግድግዳው ላይ ያለው ሙጫ የጥንቱ ቀቢ ነው ወይስ የአዳሹ? ለቀለም ማጽኛ ሲባል የእንስሳ ሙጫ የተረጨበት፣ በኋላም ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባል ሰው ሠራሽ ማጽኛ የተቀባበት ሕንፃ ብዙ ነው። የጥገናው መዝገብ ካልተገኘ “የእንስሳ ሙጫ ተገኘ” ከሚለው ዓረፍተ ነገር አልፎ መሄድ ድፍረት ነው።

በኢስላማዊ ሕንፃ የሰው ሥዕል ይመረመራል እንዴ?

በመስጊድ አይደለም፤ በቤተ መንግሥትና በመታጠቢያ ቤት ግን አለ። በአልሐምብራ የነገሥታት አዳራሽ ጣሪያ ላይ በቆዳ የተሳሉ ሰዎች አሉ። በዮርዳኖስ በረሃ ያለው ቁሰይር ዐምራ ደግሞ የ8ኛው ክፍለ ዘመን የኡመያዎች (የጥንት የሙስሊም ኸሊፋዎች ሥርወ መንግሥት) መታጠቢያና እልፍኝ ነው፤ በግድግዳው ከተሳሉት ስድስት ነገሥታት አንዱ በግሪክኛና በዐረብኛ ጽሑፍ ነጋሺ፣ የአክሱም ንጉሥ፣ ተብሎ ተለይቷል። ሥዕሉ በጣም ተጎድቷል። በ2010ዎቹ በተደረገው ጽዳት፣ በ2012፣ የኡመያዎቹ መስፍን የወሊድ ኢብን የዚድ ስም ያለበት ጽሑፍ ከቆሻሻውና ከቀድሞ ጥገና ቅቦች ሥር ወጣ። ምርመራና ጽዳት አብረው መሄዳቸው ለዚህ ነው የሚጠቅመው፦ ላዩ ያለው ቅብ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ በምን እንደሚነሳ አይወሰንም።

በሐረር ያለ አሮጌ ቤት ወይም መስጊድ እንደገና ሊቀባ ነው። ውድ መሣሪያ ከሌለ ምን ማድረግ ይቻላል?

ብዙ ይቻላል። መጀመሪያ ፈቃድ ነው፤ በጁገል ውስጥ ያለ ቅርስ ከሆነ የክልሉ የቅርስ ጽሕፈት ቤትና የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ሳያውቁ አይነካም፣ ናሙና ወደ ውጭ መላክም ያለ ፈቃድ አይሆንም። ቀጥሎ ዝናብ፣ ጢስና የሰው ትከሻ የማይደርስበት ቦታ ይመረጣል፦ የበር ጥግ፣ ከመደርደሪያ ጀርባ፣ ከጣሪያ ሥር። እዚያ በስለታም ምላጭ እንደ ደረጃ ወደ ውስጥ የሚገባ መስኮት ይከፈታል፤ እያንዳንዱ ንብርብር አንድ ሴንቲሜትር ያህል ይጋለጥና ይቀራል። ቀይ አፈር፣ ነጭ ኖራ፣ እንደገና ኖራ፣ በመጨረሻ ከሱቅ የተገዛ ቀለም እያለ ይታያል። ቁጥራቸው ይመዘገባል፣ ከቀለም ካርድ ጋር በቀን ብርሃን ፎቶ ይነሳል። መስኮቱ መልሶ አይደፈን፤ ለሚቀጥለው ጠጋኝ ማስረጃ ነው።

ኖራን ከፕላስቲክ ቀለም ለመለየት ሁለት ቀላል ፈተናዎች አሉ። ከግድግዳው ቀድሞ የወደቀ ቅርፊት ላይ አንድ ጠብታ ኮምጣጤ ሲደረግ ኖራ ይፈላል። የፕላስቲክ ቀለም አይፈላም፣ ምላጭ ሲገባበትም እንደ ላስቲክ ይላጣል። ኮምጣጤው ግድግዳው ላይ እንዳይንጠባጠብ። የፕላስቲክ ቀለም በድንጋይና በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲቀባ እርጥበቱን ውስጥ ያስቀረዋል፤ ከአንድ ወይም ሁለት ክረምት በኋላ ከታችኛው ወገብ ጀምሮ ይቋጥራል፣ ሲረግፍ ደግሞ ከሥሩ ያለውን ቀይ አፈርና ኖራ ይዞ ነው የሚወርደው። የተገኘው የመጨረሻ ንብርብር እሱ ከሆነ በላዩ ሌላ ከመድረብ በፊት ግድግዳው ቢያንስ አንድ በጋ ሙሉ እንዲደርቅ ይተዋል፤ አዲሱም ቅብ በውኃ የበረደ ኖራ ቢሆን ይመረጣል።